«ሐሳቡ መልካም ነው» ከሚባል ግጥም ይሰውረን

ዛሬ ጠብ ፈልጌ መጥቻለሁ። ለጠቡ መነሻ የሆነው አንድ የቆየ ሸክላ ነው።

አሜሪካዊው ላሪ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1972 «ኦንሊ ቪዚቲንግ ዚስ ፕላኔት» የተሰኘ አልበም አወጣ፤ ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «በዚህች ምድር እንግዳ ነኝ» ለማለት ይቀርባል። ስለ ክርስቲያናዊ ሮክ ሙዚቃ ታሪክ ጽፎ ይህን ሸክላ ሳያወድስ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2013 ምርጫው፣ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመዘገባቸው የድምፅ ቅጂዎች ተርታ አሰልፎታል። ውዳሴው ይገባዋል፤ እኔን የሚያስቆጣኝ የሚወደስበት ምክንያት ነው። «ጊታርንና ወንጌልን ያስታረቀ» ይሉታል። ለማስታረቅማ ራሱ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1969 «አፖን ዚስ ሮክ» የተባለውን አልበም አስቀድሞ አውጥቶ ነበር። ነገሩ የቀዳሚነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብሩ ለዚያኛው በተሰጠ ነበር።

የ1972ቱ አልበም የተቀዳው ለንደን ውስጥ፣ የቢትልስ ፕሮዲዩሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን ከባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመው በኤር ስቱዲዮ ነው። ያሳተመው ደግሞ በኤም.ጂ.ኤም. ሥር የነበረውና በጃዝ ሸክላዎቹ የታወቀው ቨርቭ የተባለ ዓለማዊ ድርጅት ነው። ይህን ያነሣሁት ለወግ አይደለም። ሸክላው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሌላው ሸክላ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲቆም «ለጌታ ነውና እለፉት» ብሎ የሚማልድለት አልነበረም። የሚያዳምጠው ሰው ካልወደደው ያነሣዋል፣ ሌላ ያስቀምጣል፤ በቃ።

ታዲያ ምን ይዞ ቀረበ? «ዘ ግሬት አሜሪካን ኖቨል» የተሰኘውን መዝሙር ውሰዱ። ዘማሪው አገሩን ፊት ለፊት አቁሞ «አንቺ» እያለ ይከስሳታል። በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ፣ ገዳዩ በየማዕዱ የማያምንበትን ጸሎት መድገሙን፣ የቬትናምን ጦርነት፣ የተራበ እያለ ወደ ጨረቃ የተላከውን ገንዘብ፣ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ክርስቶስ የሚጠራው በስተመጨረሻ ነው፤ ያ ሁሉ ከተነገረ በኋላ። «አይ አም ዘ ሲክስ ኦክሎክ ኒውስ» በተባለው ደግሞ የሚናገረው የማታው ዜና ራሱ ነው። የሌላውን መከራ ሥዕል አንሥቶ ያሳያል፤ ግን ምን ላድርግ ብሎ እጁን ይሰበስባል። ስብከት የለም፣ ማጽናኛም የለም። ያ ዜና አቅራቢ እኔ ራሴ መሆኔ የገባኝ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ቅኔ የምትወዱ አንባቢዎች ወርቁን ከሰሙ ሥር ፈልጎ ማግኘት ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ።

በመጀመሪያው መዝሙር ውስጥ መጠጡ ብቻ ሳይሆን የአባለ ዘር በሽታው ጭምር በስሙ ተጠርቷል። «ዘ አውትሎው» ላይ ሰዎች ስለ ኢየሱስ የሚሉት በየተራ ይቆጠራል፤ ሽፍታ ያለው አለ፣ ባለቅኔ ያለውም አለ። (ባለቅኔ የተባለበትን ቦታ ደጋግሜ መስማቴን ልሸሽግ አልችልም።)

ይህን አልበም በሁለት ወገን የቆሙ ሰዎች በድለውታል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያው ርኩስ ነው ባዮች ናቸው። ሰባኪው ጂሚ ስዋጋርት እ.ኤ.አ. በ1987 መንፈሳዊ ሮክን የበግ ለምድ ከለበሰ ተኩላ ጋር ያመሳሰለ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል። ከእነዚህ ጋር ብዙ አልከራከርም። በገናን ለጸሎት፣ ማሲንቆን ለአዝማሪ ለይቶ የሰጠ ሕዝብ ልጅ ስለሆንሁ፣ መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው ቢሉኝ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ጠባይ አለው ማለትና እርግማን አለበት ማለት ለየቅል ናቸው።

የከፉት ሁለተኞቹ ናቸው፤ ወዳጅ መስለው የመጡት። ኖርማን የከፈተውን በር ተከትለው ገቡና፣ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ መጽሔት፣ የራሱ ሱቅ ያለው የተለየ ገበያ አቋቋሙ። በዚያ ገበያ ውስጥ መልእክቱ የቀና እስከ ሆነ ድረስ ስንኙ ቢያነክስ፣ ዜማው ከሌላ ተገልብጦ ቢመጣ ጠያቂ የለም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በቀን ስንት ኖት በጣቶቼ መካከል እንደሚያልፍ እግዚአብሔር ይወቀው። ወረቀቱ ፎርጅድ ከሆነ የታተመበት ሥዕል የቱንም ያህል ቢከበር አልቀበለውም። በግጥም ላይ ሲሆን ግን ሥዕሉን አይተን ወረቀቱን እንቀበላለን።

ድንጋይ ወርዋሪ ብቻ ሆኜ እንዳልታይ የራሴን በደል ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ መንፈሳዊ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ግጥም እንዳነብ ተጋበዝሁ። ያቀረብሁት ግጥም በመስኮቴ ፊት ስለምትቆም አንዲት እናት ነበር። ልጇ ከአረብ አገር በየወሩ ትልክላት ነበር፤ ከዚያ ድንገት አቆመች። እናቲቱ ግን መምጣቷን አላቆመችም። «ልጄ፣ እስቲ ደግመህ እየው» ትለኛለች። ደግሜ አያለሁ። «አልገባም፣ እማማ» እላለሁ። ግጥሙም በዚሁ ቃል ይዘጋ ነበር።

ከአዘጋጆቹ አንዱ በትሕትና ወደ ጎን ወሰደኝ። «ወንድሜ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን መጨረሻው ላይ ተስፋ ይኑረው» አለኝ። እኔም በአንድ ሌሊት የመጨረሻውን ቤት አውጥቼ፣ ገንዘቡ የሚገባበትን፣ እናቲቱም እጆቿን ወደ ሰማይ የምትዘረጋበትን ሌላ ቤት ተካሁበት። ቤቱ ይመታል፣ ምጣኔውም ልክ ነው። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሴትዮዋ መጣች። አልገባም ነበር።

ያን ቀን ነው ሁለቱን ተስፋዎች ማነጻጸር የጀመርሁት። ኖርማንም አማኝ ነው፤ ተስፋም አለው። ሆኖም ተስፋው ላይ የሚደርሰው በገዳዩና በተገዳዩ፣ በተራበው ልጅ በር አልፎ ነው። እኔ ግን በአቋራጭ ሄድሁ፤ የአንዲት እናት ዕንባም ለጭብጨባ ዋለ።

ኖርማንን ጻድቅ አድርጌ እየሣልሁት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያልተቋጨ ቅሬታ የነበረው ሰው ነው። ከአልበሙም ውስጥ «አይ ዊሽ ዊድ ኦል ቢን ሬዲ» የተባለው፣ ጌታ ሲመጣ ስለሚቀሩት የሚናገረው ዝነኛ መዝሙር፣ ዜማው ቢያምርም ለእኔ የሚሠራው በፍርሃት ነው። ሰውን ማስፈራት ቀላል ጥበብ ነው፤ ከእርሱ የተሻለ እጠብቅ ነበር። ቢሆንም ፍርሃቱ የራሱ መሆኑን አምነዋለሁ፤ አዘጋጅ ጎን ወስዶ ያስጨመረው አይመስልም።

የሸክላውን ሽፋን ፈልጋችሁ ተመልከቱት። ረጅም ጸጉር ያለው ወጣት በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ መካከል፣ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ግራ ተጋብቶ ቆሟል። ድል ያደረገ ሰው መልክ የለውም።

ግጥሜን ካስቀመጥሁበት አውጥቼ የሰረዝሁትን ቤት መልሼበታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ አወጣዋለሁ። ሐሳቡ መልካም መሆኑን የሚነግረኝ አንባቢ አልፈልግም፤ ስንኙ የት ላይ እንዳነከሰ የሚያሳየኝ ካለ ግን እጅ እነሣለሁ።