«አሜባዬ ነው» እያልን እስከ መቼ?



ሆዱን የቆረጠው ሁሉ «አሜባዬ ተነሣብኝ» ይላል። ጎረቤትም ከሣጥኑ የተረፈች ሜትሮኒዳዞል አውጥቶ ይሰጠዋል። ሁለት ቀን ውጦ ቁርጠቱ ጋብ ሲልለት የቀረችውን ለሌላ ቀን ያስቀምጣታል። ይህ ልማድ ይብቃን እንላለን።

አሜባ ሁሉ አንድ አይደለም። በውሃና በአፈር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚኖር ዓይነት አለ። ከነዚህ አንዱ ከሞቃት ውሃ ጋር በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን እንደሚያጠቃ በ1965 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ሐኪሞች ጽፈዋል። ገዳይ ነው፤ ግን ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። የእኛው ሌላ ነው። ከሰው ሰገራ ወጥቶ በውሃ፣ በእጅና ባልታጠበ አትክልት ተመልሶ ወደ ሰው አፍ ይገባል። አንጀት ያቆስላል፤ ሲብስም ወደ ጉበት ይዘልቃል። እኛው ካላመጣነው አይመጣም ማለት ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ሁሉ አሜባ አይደለም። በባክቴሪያ የሚመጣ አለ፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በጎረቤት ኪኒን ስንሞክር የምናባክነው ጊዜ ለሕፃን ልጅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰገራ ማስመርመር ነውር የለበትም።

ውሃችንን አፍልተን እንጠጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ዳባትና ደባርቅ ከእኛም ከፍ ይላሉና እዚያ ላሉ ዘመዶቻችሁ ንገሩልን። አሜባው ጠንካራ ሽፋን ስለሚለብስ «ክሎሪን ጨምረንበታል» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ከተማችን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጇ፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥና ለመላ አገሪቱ ልካለች። አገር ያስተማረች ከተማ ልጆች በየቦዩ ዳር ሲጸዳዱ ማየት ግን ያሳፍራል።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ መጸዳጃ የሌለው ግቢ ከጎረቤቱ ጋር ተባብሮ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይቆፍር። ለአቅመ ደካሞች ወጣቶቻችን ጉልበታቸውን ይለግሱ። ጀሪካን ሳይታጠብ ውሃ አይቀዳበት። ከመጸዳጃ መልስና ከምግብ በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። የታመመም ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይጨርስ።

የአንዱ ግቢ ቆሻሻ ለሌላው ግቢ በሽታ ነውና «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ከመካከላችን አይኑር።