የ«ኦኬ» የትውልድ ክርክር

በስልክ ስናወራ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሳንል የምንዘጋበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዳንዴ ስምምነት ነው፤ አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ፤ አንዳንዴም ወሬ መቁረጫ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ግስ አድርገው «ማጽደቅ» ይሉበታል። ምግቡ እንዴት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ «ኦኬ ነው» የሚል ተመጋቢ ግን አላደነቀም፤ «ይበላል» ብሎ ማለፉ ነው። በትርጉሞቹ ላይ ብዙም ጠብ የለም። ጠቡ ቃሉ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

ብዙዎቹ የቃላት አጥኚዎች አሜሪካዊውን አለን ዎከር ሪድን ይከተላሉ። ሪድ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ባሳተማቸው ጥናቶች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቃሉን ማርች 23 ቀን 1839 ከወጣው የቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ላይ አሳየ። በዚያን ሰሞን የከተማዋ ጋዜጠኞች ሐረጎችን ሆን ብለው እያሳሳቱ በመነሻ ፊደላት ማሳጠር ቀልድ አድርገውት ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ «ኦል ኮሬክት» ብለው በተሳሳቱ ፊደላት ጻፉና ኦ እና ኬን ብቻ አስቀሩ። በ1840 ምርጫ ደግሞ የኪንደርሁክ ተወላጅ የነበረው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን «ኦልድ ኪንደርሁክ» ተባለና ደጋፊዎቹ በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ክበብ አቋቋሙ። ቫን ቢዩረን ተሸነፈ፤ ቃሉ ግን አገር ለአገር ተዳረሰ።

የዚህ ወገን ጥንካሬ ሰነዱ ነው፦ ቀን፣ ጋዜጣ፣ ምክንያት። ድክመቱም ከዚያው ከሰነዱ ይነሳል። መጀመሪያ የታተመ ሁሉ መጀመሪያ የተነገረ ላይሆን ይችላል።

ሌሎቹ ይህንን ክፍተት ይዘው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆነው በቾክቶ ሕዝብ ቋንቋ «እንዲሁ ነው» ወደሚል ትርጉም የሚቀርበውን «ኦኬህ» ይጠቅሳሉ፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንም በዚህ አጻጻፍ ይጠቀም ነበር። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ዴቪድ ዳልቢ በበኩሉ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ አመለከተ፤ በወሎፍ «ዋው» አዎን ነው፣ «ካይ» ደግሞ ማጽኛ። በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ሰዎች አምጥተውት ይሆናል የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይመስለኝም። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ለባሪያ ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ ነበር። መጻፍ የተከለከለን ሰው «የጻፍከውን አምጣ» ማለት፣ ፍርዱ ሳይሰማ ያለቀ ሙግት ነው።

ይሁን እንጂ የማስረጃ አለመኖር ራሱ ማስረጃ አይሆንም። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዘር አይቆጠርም፤ አጫጭር የ«አዎን» ቃላት በብዙ ቋንቋ በአጋጣሚ ይመሳሰላሉ። ከወሎፉ ወይም ከቾክቶው ቃል እስከ ቦስተኑ ጋዜጣ ድረስ ደረጃ በደረጃ የሚያደርስ ሰንሰለት እስካሁን አልታየም። ለሪድ ተቃዋሚዎች ከባዱ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ ጋዜጣው ቃሉን ሲያትም «ሁሉም ትክክል» የሚል መፍቻ አብሮ አስቀምጧል። ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ ይህን ቀልድ ለምን አስፈለገው?

እኔ ወደ ሪድ አዘነብላለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ቃሉ በጽሑፍ የተወለደው ቦስተን ነው ቢባል ለአሁኑ የሚያስኬድ ይመስለኛል። በአፍ በፍጥነት የተዛመተው ግን ተመሳሳይ ድምፅ የለመዱ ጆሮዎች ስለተቀበሉት ይሆን? ይህኛው መላምት ነው፣ ሪድንም አያፈርስም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብሆን 1839ን በፊት አስቀምጬ ወሎፍንና ቾክቶን «ያልተረጋገጠ» ብዬ ከሥሩ እጽፋቸው ነበር። ከ1839 በፊት የተጻፈ፣ ቃሉን በስምምነት ትርጉሙ የያዘ አንድ ደብዳቤ ወይም የጉዞ ማስታወሻ ቢገኝ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ግድ ይሆናል።