ነጥቡ እስኪሞላ

ባለፈው ፋሲካ ቨርጂኒያ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራ እማዬ እንደ ልማዷ «መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት። እህቴም እንደ ልማዷ «ነጥቡ ሲሞላ!» ብላ ሳቀች። ይህች መልስ ቤታችን ውስጥ አራት ዓመት ሞልቷታል። እህቴ የጉዞ ክሬዲት ካርድ አላት። አስቤዛ ስትገዛ፣ ነዳጅ ስትቀዳ፣ የስልክ ስትከፍል ነጥብ ይጠራቀምላታል። ሐሳቧ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ አራት ሆነው በነጥብ መምጣት ነው። እማዬ ግን በዚያ ቀን አልሳቀችም። «ነጥቡ እስኪሞላ እኔ እንዳልጎድል ብቻ» አለች። ከዚህም ከዚያም ዝም ተባለ።

እናንተም እንዲህ ያለ እህት ወይም ወንድም አይጠፋችሁም። ምናልባትም ይህን ጽሑፍ እዚያው ሆናችሁ የምታነቡት እናንተው ትሆናላችሁ። ስለዚህ በዚህ ወር ብዙ ለማይጓዝ ሰው የጉዞ ነጥብ ምን ይጠቅማል የሚለውን አብረን እንይ።

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከውስጥ የማውቀውን ልንገራችሁ። ነጥብ ስጦታ ሳይሆን ደንበኛን ማቆያ ነው። ድርጅቱ የሰጠውን ነጥብ በሂሳብ መዝገቡ ላይ እንደ ዕዳ ይይዘዋል። ደንበኛው ሳይጠቀምበት ከቀረ ደግሞ ዕዳው ወደ ገቢ ይዞራል። በሌላ አነጋገር፣ እናንተ «አንድ ቀን» እያላችሁ ያስቀመጣችሁት ነጥብ የሚያስጨንቀው ማንንም አይደለም። ነጥብ እንደ ባንክ ቁጠባ ወለድ አያፈራም። እንዲያውም አየር መንገዶች ለትኬት የሚጠይቁትን የማይል መጠን ስለሚጨምሩ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው የሚበቃው ከዓመት በኋላ ላይበቃ ይችላል።

እስቲ የእህቴን ሂሳብ እንሥራ። በካርዱ በወር 1,500 ዶላር ታወጣለች እንበል። በዶላር 1 ነጥብ ብትይዙት በዓመት 18,000 ነጥብ ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ ሲመነዘር አንዱ ነጥብ 1 ሳንቲም ቢያወጣ 180 ዶላር ነው። ካርዱ በዓመት 95 ዶላር ካስከፈለ የሚተርፋት 85 ዶላር ብቻ ነው። ዓመታዊ ክፍያ የሌለውና ከወጪው 2 በመቶ በጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ካርድ ብትይዝ ግን በዚያው ወጪ 360 ዶላር ታገኝ ነበር። ስለዚህ በሁለትና ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ጥሬ ገንዘብ የሚመልሰው ካርድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዕዳውን ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ወለድ ዓመቱን ሙሉ ቢቆይ ወደ 440 ዶላር ይበላል። የወሩን ሂሳብ በወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው ነጥብ እየሰበሰበ ሳይሆን ነጥብ እየገዛ ነው፤ ያውም በውድ ዋጋ።

አሁን ነጥቡ እጃችሁ ላይ ካለስ? በመጀመሪያ፣ ጥሬ ገንዘብ ከማድረጋችሁ በፊት ወደ አየር መንገድ ማይል ይዞር እንደሆነ እዩ። ለምሳሌ በቼዝ ባንክ የጉዞ ካርዶች የሚገኝ ነጥብ አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ይዞራል። ዩናይትድም የኢትዮጵያ አየር መንገድም የስታር አሊያንስ አባላት ስለሆኑ፣ በዚያ ማይል ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በራሳችን አየር መንገድ መብረር ይቻላል። ታክሱ ግን በገንዘብ ይከፈላል። አንዴ ወደ ማይል የዞረ ነጥብ ስለማይመለስ፣ መጀመሪያ ወንበር መኖሩን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ትኬቱ በስማችሁ መሆን የለበትም። እናንተ መሄድ ባትችሉ እንኳ ለእናት ወይም ለአባት መቁረጥ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ካርዱ አያዋጣም ብላችሁ በችኮላ አትዝጉት። ሲዘጋ ነጥቡ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ነጥቡን ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ባንኩ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ ያዛውራችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

እዚህ አገር ላለነውም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የአየር መንገዳችን የሼባ ማይልስ አባልነት ነፃ ነው፤ ግን ለሥራ ወይም ለሠርግ በዓመት አንዴ የምንበር ብዙዎቻችን ወይ አልተመዘገብንም፣ ወይ ቁጥራችንን ትኬት ስንቆርጥ አናስገባም። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት የነበሩኝን ማይሎች ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ነው ያስታወስኳቸው። ማንንም አልወቅስም፤ ማብቂያ ቀናቸውን ስልኬ ላይ መመዝገብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እናንተ ዛሬውኑ መዝግቡ።

ወደ እህቴ ልመለስ። ከዚያ ፋሲካ በኋላ ቁጭ ብለን ነጥቧን አየን። ለአራት ሰው አይበቃም፤ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ግን በቅቶ ይተርፋል። «ብቻዬን ምን ብዬ እመጣለሁ? ልጆቹስ?» አለች። ባሏ ነው «እኔ እይዛቸዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ» ያላት።

ለእንቁጣጣሽ መጣች። አሥር ቀን ብቻ ነበር የቆየችው። እማዬ ቡና እያፈላች፣ እህቴ ጎኗ ተቀምጣ ቄጤማ ስትጎዝጉዝ አይቼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስንጠብቅ እንደነበር ገረመኝ። እማዬ አሁንም ነጥብ ምን እንደሆነ አልገባትም። ልጇን ስትሸኝ ግን «የቀረውን ደግሞ ለልጆቹ አድርጊው፤ ብዙ እስኪሆን አትጠብቂ» አለቻት።

ከእኔ የቢዝነስ ዲግሪ ይልቅ ይህ ምክር ይሻላል። በሚቀጥለው ወር በቸር ይግጠመን።