ከመንገድ ለተመለሰው ልጅ

ይድረስ ለድምፃዊው ጋሽ አለማየሁ እሸቴ፣ ነፍስዎን ይማር፤

የምጽፍልዎ ከዋጃ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ አስመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በደጃችን ያልፋል። ከእኛ ወዲያ አላማጣ፣ ከአላማጣ ወዲያ የግራካሱ ዳገት ነው። እዚህ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉ ወደ ወፏ፣ ዓይኑ ወደ መኪናው ነው።

እኔም አንድ ቀን ወንጭፌን ጥዬ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። በጅቡቲ አድርጌ ዓረብ አገር ልገባ ነበር፤ ሎጊያ ላይ ገንዘቤ አልቆ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣት እንኳ አፈርኩ።

የልጅነት ታሪክዎን የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። በ1933 ዓ.ም. ጅማ ተወልደው አዲስ አበባ ማደግዎን፣ የአሜሪካ ፊልም አይተው ልብዎ መሸፈቱን፣ ጸጉርዎን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጥረው ትምህርት ቤት ዘፈኖቹን መዝፈንዎን ሰማሁ። ኋላም በመርከብ ሆሊውድ እገባለሁ ብለው ከቤት ጠፍተው፣ ኤርትራ ድረስ ዘልቀው መመለስዎን። ሳቅኩ። ከሎጊያ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

ሳቄ ሲበርድ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አሰብኩ። ሆሊውድ መግባቱ ቢቀርም ያንን ሮክ ኤንድ ሮል ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሆነው አማርኛ አናገሩት። ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ደፍሮ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሸክላ የእርስዎ ሆነ። ሰውም «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» አለዎት።

ያ ከቤት የጠፋ ልጅ አድጎ «ተማር ልጄ»ን ዘፈነ። እናቴ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። ለማን እንደሆነ እያወቅኩ ያልገባኝ መስዬ እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው ቢመክረኝ አልሰማም ነበር፤ የእርስዎን የሰማሁት እርስዎም ከመንገድ የተመለሱ ስለሆኑ ነው። መስከረም ሲጠባ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

በነሐሴ 2013 ሲያርፉ ይህን ምስጋና ገና አላደረስኩም ነበር። አሁንም ልጆቻችን በዚያው ጎዳና ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሳገኘው ለምን እንደተመለሰ አልጠይቀውም። እንኳን ደህና ገባህ እለውና ቡና እስኪፈላ የእርስዎን ታሪክ አጫውተዋለሁ።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።