አምቾ ወይስ ፍሬ?

እንደሚታወቀው ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ ዘሩን የሚተካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ያለ ጾታ መራባት ሲሆን ሁለተኛው የወንዴና የሴቴ ዘር ተገናኝተው የሚደረገው ነው። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ «ሁለተኛው የሠለጠነ፣ አንደኛው ግን ኋላ ቀር ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምስክሬም በሐዲያና በከምባታ በየጓሮው የቆመው እንሰት ነው።

ገበሬዎቻችን ገና ያልጎለመሰውን እንሰት ቆርጠው የአምቾውን መሐል ቡቃያ ካወጡ በኋላ ከፍግ ጋር አፈር ያለብሱታል። ከጥቂት ወራት በኋላም ከአንዲት አምቾ ብዙ ፍል ይወጣል። እያንዳንዱም ፍል እናቱን ይመስላል፤ ቆጮዋ የተወደደላት እንደ ሆነች የልጆችዋም እንዲሁ ነው። ከፍሬ የበቀለው ግን እናቱን ላይመስል ይችላል። ደግሞም እንሰት የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብቦና አፍርቶ ይሞታል። ቤተሰብ ፍሬ እየጠበቀ አይራብም።

ሆኖም መመሳሰል መዘዝ አለው፤ እናቲቱን የሚገድል በሽታ ልጆችዋን ሁሉ ይገድላልና። በአየርላንድ አገር ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ስለ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1845 የገባው በሽታ ማሳውን አወደመ፤ በተከተለውም ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። በእኛም አገር የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ ተገልጧል። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በታመመ ፍል ይዛመታል፤ የሚፈውሰው መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ የለም። ነገር ግን እንሰት ሁሉ እኩል አይሸነፍም፤ በወላይታ ማዚያ የሚባለው ዓይነት ከብዙዎቹ ይልቅ ይቋቋመዋል። ይህን የመሰለ ልዩነት በብዛት የሚፈጠረው የወንዴና የሴቴ ዘር ሲቀላቀል ነው። እንግዲህ ፍሬ አዲሱን ዓይነት ያስገኛል፤ አምቾ የተገኘውን ይጠብቃል። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፣ ቆጮው ለገበያ የሚስማማውን አንድ ዓይነት ብቻ መትከል ይቅር እላለሁ። እኛ ተማሪዎችም የጓሯችንን እንሰት ዓይነቶች ስም ከአያቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ። መምህራንም ቢፈቅዱልን ከጤነኛ ጓሮ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፍል አምጥተን በትምህርት ቤቱ ግቢ እንትከል፤ ጥቂቶቹም ሳይቆረጡ አብበው እንዲያፈሩ ይተዉ።

«ይህ ዓመታት ይፈጃል» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። እኛ ፍሬውን ሳናይ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ታናናሾቻችን ግን ያዩታል። ዛሬ የምንበላውንም እንሰት የተከሉልን ከእኛ በፊት የነበሩት ናቸው።