ለፍትሕም እስክስታ እንውረድ

አዝማሪ ቤት ገብቶ ያመሸ ሁሉ ያውቀዋል። መሰንቆው ይሞቃል፣ ተወዛዋዧ ከመሐል ወጥታ አንዱ እንግዳ ፊት ትቆምና ትከሻዋን ታራግፋለች። እሱም መቀመጥ ያቅተውና ተነስቶ አብሯት እስክስታ ይወርዳል፤ ከዚያ ኪሱን ዳብሶ ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል። ከጎኑ ያለውም ላለማነስ ይነሳል። አዋጡ ያለ የለም፣ ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ጭፈራ ሠርግና በዓል ብቻ እያደመቀ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የቀደሙን እንዲህ አላደረጉም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የፋሺስት ጦር ሊወረን ሲዘጋጅ ነበር፤ ሥራውም ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለነፃነቱ ማነሣሣት ነበር። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን ጭፈራችንን ይዞ አፍሪካን፣ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረ። የሄደው ለልመና አልነበረም፤ ለደረሱልን ሕዝቦች ምስጋና ለማቅረብ ነበር።

ለዚያ ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካን ዘፋኞች በአንድ መዝሙር የማሰባሰቡን ሐሳብ ያመነጨው ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። እኛ በዚህ እናመሰግነዋለን፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የሠራውን ይበልጥ አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ክረምት በሚሲሲፒ ጥቁሮችን ለመራጭነት የሚያስመዘግቡ ወጣቶች ገንዘብ አለቀባቸው። ሦስት ጓደኞቻቸው ተገድለዋል፤ ሥራውን ጥለው ቢወጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር ያህል አሰባስቦ፣ ተዋናዩን ሲድኒ ፖይቲየርን ይዞ፣ ጥሬ ብሩን በቦርሳ እንደያዘ በሌሊት ግሪንዉድ ከተማ ገባ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ጥቁሮችን የሚያሸብረው የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች በመኪና አሳደዷቸው። ያ ገንዘብ ሰዎች መብታቸውን እስኪያስከብሩ ድረስ እዚያው እንዲቆዩ ያስቻለ ስንቅ ነበር። ምጽዋት የዛሬን ረሃብ ያስታግሳል፤ ያ ገንዘብ ግን የነገውን ሕግ ለመለወጥ የወጣ ነው።

የእኛ ትውልድ ግሪንዉድ የት እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2012 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ካለው ቆንስላችን ደጃፍ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው አልነበረም። «ከፋላ» የሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪው ጋር ስለሚያስር፣ ቤቱን ጥላ የወጣች ሠራተኛ ወዲያው ሕገ ወጥ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ምግብ፣ የቤት ኪራይና የመሳፈሪያ ገንዘብ ለማግኘት ከሮጡት መካከል «እኛ ለኛ በስደት» ይገኝበታል፤ በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። እነሱ ያን ሁሉ ተሸክመው ሲሠሩ እኛ ቪዲዮውን ተቀባብለን አለቀስን።

ስለዚህ ጥሪዬ ለተወዛዋዡ፣ ለዘፋኙ፣ ለዲጄው፣ በስልኩ ጭፈራ ለሚለቀው ወጣት ሁሉ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ሳምንት ሕዝባችን ኳስ አይቶ ማታ ማታ ይጨፍራል። ከነዚያ ምሽቶች አንዱ ለእህቶቻችን ቢሰጥ ምን ይጎድለናል? አዲስ አበባ፣ ቴል አቪቭ፣ ለንደን ያለውም አዳራሽ እንዲሁ።

ስናደርገው ግን በወጉ ይሁን። የምታለቅስ ሴት ፊት ለፖስተር አይውል፤ ችግሯን ለመናገር ክብሯን መግፈፍ አያስፈልግም። መድረክ ላይ የወጣው ተወዛዋዥም የድካሙን ይከፈለው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ለማስመለስ ሌላውን በነፃ ማሠራት አይገባም። ገንዘቡ ለጠበቃ፣ ለመጠለያና ለመመለሻ ትኬት መሆኑ ትኬቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለውም እንደ እድር ሒሳብ በሚቀጥለው ዝግጅት ሕዝብ ፊት ይነበብ።

አዳራሽ ያላችሁ አዳራሹን ስጡ። ድምፅና ትከሻ ያላችሁ ቀን ቁረጡ። የቀረነው ትኬቱን ገዝተን፣ ኪሳችንን ሞልተን እንመጣለን።