ቅንጦት ለማን?

«የለጋሽን ፕሌትሌት ለማንም እንዲሆን መለወጥ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ደም የሚያረጋው ይህ ሕዋስ በላዩ ኤችኤልኤ የተባለ መለያ ይሸከማል፤ ደጋግማ የወለደች ወይም ደም የወሰደች ሴት ባዕዱን መለያ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ልታበጅ ትችላለች። ያን ጊዜ ቢጫው የፕሌትሌት ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል፤ በደሟ ያለው የፕሌትሌት ቆጠራ ግን ንቅንቅ አይልም። በሌላው ዓለም መለያው የሚገጥም ለጋሽ ከመዝገብ ይፈለግላታል። ከሳንጃ ወደ ጎንደር ለምትላክ ታማሚ ይህ መዝገብ ከወዴት ይምጣ? ፕሌትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ላይ እየተወዘወዘ በአብዛኛው 5 ቀን ነው የሚቆየው፤ ፍለጋ አይጠብቅም። መለያው የተነሳለት፣ ለማንም የሚሆን ፕሌትሌት ይበልጥ የሚያስፈልገው እንግዲህ መዝገብ ለሌለው ነው።

ነገሩ ሕልምም አይደለም፤ የጃፓን ተመራማሪዎች መለያው የጠፋለትን ፕሌትሌት፣ ከለጋሽ ባይሆንም፣ ከግንድ ሕዋስ ማብቀል እንደሚቻል በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። «መጀመሪያ ደሙን በየክፍሉ መለየት ይቅደም» ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ይቅደም። በአርማጭሆ ቆላ በካላዛር በሽታ ጣፊያዋ ያበጠ ታማሚም ፕሌትሌቱን ጣፊያዋ ስለሚያስቀረው ከዚህ ዘዴ ብዙ አታተርፍም። ፀረ እንግዳ አካል ያለባትን ግን «ለአንቺ ቅንጦት ነው» ብሎ መመለስ ሕክምናም ፍትሕም አይደለም።